የውሃልክ ግራ ዓይን

«ውሃልክ» የሚለውን ስም ያወጡለት ግንበኞች ናቸው። ውሃልክ በብርጭቆዋ ውስጥ አንዲት አረፋ ይዛ፣ ግድግዳው መቅናቱን፣ በሩ ቀጥ ማለቱን የምትመሰክር ዕቃ መሆኗን በግንባታ አጠገብ ያለፈ ሁሉ ያውቃል። ሰውየው ግን ዕቃዋን ከሣጥኑ አያወጣትም። ቀኝ ዓይኑን ይጨፍንና በግራው ብቻ የብረቱን ጠርዝ እንደ ጠመንጃ አነጣጥሮ ያያል። ከዚያ «ከላይ በኩል የጥፍር ውፍረት ታህል ወደ ውጭ ወጥታለች» ይላል። ግንበኞቹ ሊስቁበት ዕቃዋን ሲያስጠጉ አረፋዋ እሱ እንዳለው ሸሽታ ትገኛለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ስሙ ጸደቀ። ሚስቱ እንኳ እናትና አባቱ ባወጡለት ስም የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነበር።

ሙያውን ቁጭ ብሎ ያስተማረው ሰው የለም። በጎልማሳነቱ የአንድ ብረታ ብረት ቤት ዘበኛ ነበር። ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ተቀምጦ በያጆቹን ያይ ነበር። ጭምብል ያላጠለቀ ሰው የብየዳ ብርሃን ማየት እንደሌለበት የነገረው የለም፤ ወይም ተነግሮት አልሰማም። ባየ በመጀመሪያው ቀን ዓይኖቹ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስል ሲያለቅስ አደረ። በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ በያጅ ጥሬ ድንች በስሱ ቆርጦ ዓይኖቹ ላይ አስተኛለትና፣ «አይዞህ፣ ሁለት ቀን ነው። አሁን በያጅ ሆንክ» አለው። እውነትም በሁለት ቀን ለቀቀው። ሽማግሌው ያለው ሁሉ ስለ ደረሰ፣ ውሃልክ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ በያጅ ዓይን የሚያውቀውን ሁሉ ያወቀ መሰለው።

የራሱን ቤት ሲከፍት የመጀመሪያው ሕግ ይኸው ሆነ። ማንም የመበየጃ ዘንጉን፣ ኤሌክትሮዱን፣ ብረት ላይ ከማስነካቱ በፊት «ዓይን!» ብሎ ይጮኻል፤ የሰማ ሁሉ ፊቱን ያዞራል። ደንበኛ ቢሆን፣ መንገደኛ ቢሆን ያው ነው። ከጎኑ የቀለምና የሚስማር ሱቅ ያላት ሚስቱም፣ ለባሏ መልስ ልትሰጥ ደጃፍ ላይ ቆማ «ዓይን!» ስትሰማ ወሬዋን ሳታቋርጥ ጀርባዋን ሰጥታ ታወራ ነበር። «ሃያ ዓመት የተጋባነው ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተን ነው» ትላለች፣ ስትቀልድ።

ከእሱ ጋር የሚሠራው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። እሱንም ሰፈሩ «ሹክሹክ» ይለዋል፤ ድምፁ ከጉሮሮው ወጥቶ ከንፈሩ ጋ ሲደርስ ይደክመዋል። «ሹክሹክ ‹እሳት ተነሣ!› ብሎ ቢጮኽ፣ የሚሰማው ቤቱ ነዶ ካለቀ በኋላ ነው» እያሉ ይስቁበታል። እጁ ግን ሌላ ነው። እሱ የበየደው ብረት መጋጠሚያው በመርፌ የተሰፋ ይመስላል። ውሃልክ ያያል፣ ሹክሹክ ይበይዳል፤ ሥራቸው በዚህ የተከፈለ ነበር። ብረቱን አቅንቶ የሚይዘው ውሃልክ ነው፤ ሹክሹክ ሁልጊዜ በግራው በኩል ይቆማል። «ዓይን» ሲልም ውሃልክ፣ «ጮክ በል እንጂ ሰውዬ! ለማን ነው የምትጸልየው?» ይለው ነበር። ይህ እንግዲህ ጨዋታ ነበር።

ጨዋታው ያበቃው ውሃልክ አንድ ቀን ጠዋት ግራ ዓይኑ ቀልቶ ሲነሣ ነው። ያነባል፣ ብርሃን አይወድም፣ ከውስጥ ይጠዘጥዘዋል። ሚስቱ አየችውና፣

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

«የብየዳ ብርሃን ነው። ድንች ቁረጪልኝ።»

«ብርሃኑ አንዱን ዓይን መርጦ ነው የሚመታው?»

«ወንድምሽ የሚቆመው በየት በኩል ነው?» አላት። እሷም የቆረጠችውን ድንች ሰጠችው።

ድንቹን አድርጎ ተኛ። ሁለት ቀን አለፈ፣ አለቀቀውም። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ዳቦ ጋጋሪው የእቶን ክፍሉን በር ሊያዝ በመጣበት፣ ሌሎች በያጆችም ለወሬ በቆሙበት፣ ውሃልክ አማቹን በሰው ፊት ያዘው።

«አንተ! ሳትናገር ነው የለኮስከው!»

«ብያለሁ፣ ጋሼ» አለ ሹክሹክ።

«ለራስህ ነው ያልከው! ለጺምህ ነው ያልከው!»

ሰው ሳቀ። ሹክሹክ አልሳቀም። ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ማድረግ ጀመረ። ኤሌክትሮዱን ከማስነካቱ በፊት መዶሻውን ያነሣና የቆመ ላሜራ ላይ ጓ! ጓ! ጓ! ያደርግና፣ «አሁንስ ተሰማ?» ይላል። የውሃልክ ሚስት ከሱቋ፣ «ኧረ በፈጠራችሁ፣ ደንበኛዬን አባረራችሁብኝ!» ብትል የሚሰማት አልነበረም፤ በዚያ ድምፅ መሀል ማን ማንን ይሰማል።

ዓይኑ ትንሽ ተሻለው። ደግሞ ተመልሶ ቀላ። ውሃልክም ደግሞ ጮኸ፤ «ይህ ሰው ዓይኔን ሳያጠፋው አይተወኝም!» አለ። ከአፍ የወጣ ከአፋፍ የወደቀ ነውና ወሬው የብረታ ብረት ቤቶቹን መንገድ ከጫፍ ጫፍ አዳረሰው። ሹክሹክን የሚያውቁትም የማያውቁትም «ዓይን አጥፊው» ይሉት ጀመር። በያጅ በብዙ ነገር ይሰደባል፤ ሳያስጠነቅቅ ይለኩሳል የተባለ በያጅ ግን ማንም ከጎኑ አያቆመውም። አንድ ቀን ጭምብሉንና ጓንቱን በጆንያ ጠቅልሎ፣ «ጋሼ፣ ከእኔ የተሻለ ድምፅ ያለው ሰው ፈልግ» አለና ሄደ። በመንገዱ ማዶ ጫፍ፣ ሌላ ቤት ተቀጠረ።

እንግዲህ ብርሃን የሚረጨው ሰው ሄዷል። ውሃልክ ብቻውን ነው የሚሠራው፤ ጭምብሉን አጥልቆ፣ ለራሱ ሳይቀር «ዓይን!» እያለ። ዓይኑ ግን ተመልሶ ቀላ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ መዶሻውን አስቀምጦ ያስብ ነበር። እሱ «የድሮው ቃጠሎ ነው ያገረሸብኝ» አለና ድንቹን ቀጠለ። ከወራት ጀምሮ ደረቅ ሳል ይዞት ነበር፤ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ያንን ለብየዳው ጭስ ሰጠው። ክንዱ ላይ የነበሩት የድሮ ጠባሳዎች ቀልተውና አብጠው እንደ አዲስ ተነሥተው ነበር፤ ያንን ለእሳቱ ፍንጣሪ ሰጠው። ሥራው ሁሉንም ተሸከመለት።

በዚህ መሀል የዳቦ ጋጋሪው በር አለቀ። ብቻውን ለክቶ፣ ብቻውን በይዶ፣ በግራ ዓይኑ አነጣጥሮ «ቀጥ ብሏል» አለና ገጠመው። ሳምንት ሳይሞላ ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት እንደ ለበሰ መጣ።

«ወንድሜ፣ በሩስ ይከፈታል። መዘጋት ነው እምቢ ያለው። ድመቷ ሳታጎነብስ ነው የምትገባው።»

«በእኔ በር?»

«በአንተ በር።»

ሄዶ ከበሩ ፊት ቆመ። ቀኝ ዓይኑን ጨፍኖ በግራው አሻግሮ አየ። የበሩ ጠርዝ በእንፋሎት ውስጥ ያለ ይመስላል። ከፊቱም ጥላሸት የሚመስሉ ነጠብጣቦች ይንሳፈፋሉ፤ በእጁ ቢያባርራቸው አልሄዱም። የእቶኑ ጭስ መስሎት ነበር።

«ቀጥ ነው» አለ።

ዳቦ ጋጋሪው ነገረኛ ሰው አልነበረም። ከመደርደሪያው ላይ ከእንጨት የተሠራች የውሃልክ ዕቃ አወረደና በሩ ላይ አስጠጋት። ውሃልክ ጎንበስ ብሎ አረፋዋን በግራ ዓይኑ ፈለጋት። የለችም። ቀኙን ገለጠ። አረፋዋ መሀሏን ትታ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ዳቦ ጋጋሪው ቢስቅ ይሻል ነበር። እሱ ግን ወደ ሌላ በኩል ዞሮ የሌለ ዱቄት ከጠረጴዛው ላይ ማራገፍ ጀመረ።

ያን ዕለት ውሃልክ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ሚስቱ ሱቅ ገባ። በቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጠ።

«በግራዬ አላይም» አላት።

«ነገ ሐኪም ቤት ነን።»

«የብየዳ ብርሃን ነው አልኩሽ እኮ።»

«እሺ፤ ብርሃኑን ሐኪሙ ያጥፋው!» አለችና፣ በእናትና አባቱ ስም ጠራችው። ተነሣ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ውሃልክ ደብቆ ሳይሆን ሌላ ስም ሰጥቶት ነው የቆየው። የዓይን ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ አገጩን በብረት ማረፊያ ላይ አስደገፈችውና፣ እንደ ቢላ ስለት የቀጠነ ብርሃን ዓይኑ ውስጥ እየሰደደች ረጅም ጊዜ አየች።

«ዶክተር፣ አትድከሚ። የብየዳ ብርሃን ነው» አላት።

«የብየዳ ብርሃን የሚያቃጥለው የዓይንን ፊት ነው፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም። በቀናት ውስጥ ይድናል። የእርስዎ ግን ከውስጥ ነው የተቆጣው። መቼ ጀመረዎት?»

ሚስቱ ቀድማ መለሰች። «ወራት ሆነው፣ ዶክተር። አንድ ጆንያ ድንች ጨርሷል።»

ሐኪሟ የዓይኑን ፎቶ በስክሪን ላይ አወጣችው። በመሀል ያለው ጥቁሩ ብሌን ክብ መሆን ሲገባው፣ ላላ ባለ እጅ የተቆረጠ ላሜራ ይመስል ጠርዙ ተጎርዷል። እብጠቱ ሲቆይ የብሌኑ ጠርዝ ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር ተጣብቆ መያዙን በጣቷ አሳየችው።

«ተበይዷል በይኛ» አለ።

«እንደዚያ ነው፤ ተበይዷል። በጠብታ ልናላቅቀው እንሞክራለን። ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ቀላል ነበር። የቆየው እሺ ላይል ይችላል።»

«አውቀዋለሁ» አለ ውሃልክ። «ነጥብ ነጥብ የተደረገ ብየዳ በመዶሻ ይወልቃል። ሙሉውን ከተበየደ ግን ብረቱ ነው የሚቀደደው።»

«እኔ ዘንድ መዶሻ የለም፣ አይፍሩ» ብላ ሳቀች። ከዚያ፣ «ያስልዎታል?» አለችው።

«ጭሱ ነው።»

«ቆዳዎ ላይስ የወጣ ነገር አለ?»

ሚስቱ እጅጌውን ሰብስባ ክንዱን አሳየቻት።

«ፍንጣሪ ነው» አለ።

«መቼ የተቃጠሉት?»

«ኧረ ይሄማ የድሮ ነው። በያጅነት ስጀምር።»

«ታዲያ ያኔ የዳነ ጠባሳ አሁን ለምን አበጠ?»

እጅጌውን መልሶ አወረደ። ሚስቱ መለሰችለት። «ሁሉም የሥራው ነው ይላል፣ ዶክተር። ጥርሱን ቢያመው እንኳ ኤሌክትሮድ ነው የሚለው።»

ከዚያ ወዲያ ከክፍል ክፍል ተዘዋወረ። ደረቱን በራጅ አነሡት፤ ደም ወሰዱ፤ ከአንዱ ያበጠ ጠባሳ ላይ አደንዝዘው ቅንጣት ሥጋ ቆርጠው ላኩ። በመጀመሪያ የሳንባ ነቀርሳ፣ ቲቢ፣ ነው ብለው ጠርጥረው ነበር፤ ኋላ ከተገኘው በሽታ ጋር ይመሳሰላልና። ነቀርሳ አለመሆኑ ሲረጋገጥ ሐኪሟ ጠርታ አስቀመጠችውና የበሽታውን ስም ነገረችው። ሳርኮይዶሲስ ይባላል። ለምን እንደሚነሣ በትክክል የሚያውቅ የለም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በሽታን ለመከላከል የተቀመጡ የሰውነት ሴሎች፣ የሚዋጉት ጠላት ሳይኖር ይሰበሰቡና ትናንሽ እብጠት ይሠራሉ፤ በሳንባ ውስጥ፣ በቆዳ ላይ፣ በድሮ ጠባሳ ላይ ሳይቀር፤ እንደ እሱ ባለው ሰው ደግሞ በዓይን ውስጥ። አንዳንዱን ሰው፣ ሳሉ እንኳ ሳይታወቀው፣ መጀመሪያ የሚነግረው ዓይኑ ነው።

ውሃልክ የድሮ ሥራውን አስታወሰ። «ሌባ ሳይመጣ የሚተኩስ ዘበኛ በይው።»

«ልክ ነዎት። የሚጠብቀውን ቤት መስኮት ነው የሚሰብረው።»

«ታዲያ ሰው አይደለም ያቃጠለኝ?» አላት።

«ማንም አላቃጠለዎትም። ብየዳው አላመጣውም።»

ሚስቱ አጠገቡ ነበረች። ወደ ቤት ሲመለሱ ነው የተናገረችው።

«ሰማህ አይደል?»

«ሰማሁ።»

«ይበቃል እንግዲህ። የቀረው ወንድሜ ነው።»

ሕክምናው ተጀመረ። እብጠቱን የሚያበርድ ጠብታ፣ ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ፣ የሚዋጥ ኪኒን። ብሌኑ ሲሰፋ ፀሐይዋ ግንባሩ ላይ የተቀመጠች ያህል ሆነችበት፤ ጥቁር መነጽር አድርጎ ሱቁ ውስጥ ሚስማር እየመዘነ ዋለ። ኪኒኑ ደግሞ የማይጠግብ አደረገው፤ የራሱን በልቶ የሚስቱን ሳህን ያይ ነበር። ፊቱ ክብ እየሆነ ሲሄድ፣ «ብሌንህ ክብ ይሁን ብለን ፊትህ ክብ ሆኖ ቀረ» አለችው። ሐኪሟ ኪኒኑን በአንድ ጊዜ እንዳያቆም፣ በጥቂት በጥቂቱ እንደምትቀንስለት አስጠነቀቀችው። በሄደ ቁጥር የዓይኑን ግፊት ትለካለች፤ መድኃኒቱ ራሱ ግፊት ሊያመጣ ይችላልና። መቅላቱ ጠፋ። ጥላሸቱ ሳሳ። ሳሉ ቀለለ። ብሌኑ በብዙ በኩል ለቀቀ፤ በአንድ በኩል ግን እንደ ተበየደ ቀረ። ያ ዓይን ከእንግዲህ ሰው ይለያል፣ መንገድ ያያል፣ የጥፍር ውፍረት ግን አይለይም። እንዳያገረሽም ዕድሜ ልኩን መታየት አለበት። ሐኪሟ ይህን ስትነግረው ራሱን ነቀነቀና አመሰገናት።

ሥራ መመለስ እንደሚችል የነገረችው ዕለት ሚስቱን፣ «ወንድምሽን ይመለስ በይው» አላት።

«አልልም።»

«ለምን?»

«በሰው ፊት ነው የሰደብከው። በእኔ አፍ ልትመልሰው ነው?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ይህን ውሃልክም ያውቃል። አንድ ሌሊት አሰበበት። በማግሥቱ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ በመንገዱ ላይ ቁልቁል ሄደ። በያጆቹ ሁሉ ከየደጃፋቸው ያዩታል። ሹክሹክ የሚሠራበት ቤት ሲደርስ ብረት መሞረጃው ግራይንደር ይጮኻል፣ ሰው ሞልቷል። ሹክሹክን ከማንም ነጥለው ጥግ ላይ በሸራ ከልለው ነው ያቆሙት። አንዱ ወሬኛ በያጅ ውሃልክን አየና ግራይንደሩን አጠፋው።

«ባለዓይኑ መጣ! ሹክሹክ፣ መዶሻህን አንሣ!»

ሳቁ ተነሣ። ሸራው ተገለጠና ሹክሹክ ጭምብሉን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ወጣ። ውሃልክ መነጽሩን አወለቀ። ብርሃኑ ስለበዛበት ዓይኑ እንባ አቀረረ። አጉረመረመ።

«በሽታ ነው። አንተ አይደለህም።»

ሹክሹክ ጆሮውን ወደ እሱ አዘነበለ።

«አልሰማሁም፣ ጋሼ።»

ከኋላ አንድ ሰው ፊቱን አዙሮ ሳቁን ዋጠ። ውሃልክ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ፣ «ዓይን!» እያለ ባረጀበት ድምፁ፣ ከመንገዱ ማዶ እስኪሰማ ድረስ ጮኸ።

«ዓይኔን ያመመኝ በሽታ ነው! ሐኪም ነው የነገረኝ! ሹክሹክ አላቃጠለኝም! ሁልጊዜ ‹ዓይን› ይላል፤ አንድም ቀን ሳይል አልለኮሰም! ከእኔ ጋር ሲሠራ ይህን አውቅ ነበር፤ እያወቅሁ ነው ስሙን ያጠፋሁት። ይቅር በለኝ፤ ተመለስም!»

ወሬኛው በያጅ ግራይንደሩን መልሶ ሊያስነሣ ፈልጎ አፍሮ ተወው።

«አሁን ተሰማ» አለ ሹክሹክ። ወደ ሥራው ተመለሰ። ሸራውን ግን አልዘጋውም። ብረቱ ላይ ጎንበስ አለና በዚያች በደከመች ድምፁ፣ «ዓይን» አለ። በቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ።

ሹክሹክ የጀመረውን ሥራ ሳይጨርስ አልተመለሰም። «ሰው የሰጠኝን ብረት ጥዬ አልሄድም» ብሎ እህቱን ልኮ አስነገረ። ሲመለስ ጆንያውን ከድሮ ቦታው ላይ ሰቀለ። መጀመሪያ የሄዱት ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ነው። በሩን ከነማጠፊያው ነቅለው አወረዱት።

ውሃልክ ሣጥኑን ከፈተና ስንት ዘመን ያልነካትን ዕቃ አወጣት። አቧራዋን በእጅጌው ጠረገ። በሩ ላይ አስጠጋትና አማቹን ጠራው።

«እስቲ አንተ እይልኝ። ልክ ነች?»

ሹክሹክ ጎንበስ ብሎ አረፋዋን አየ።

«ትንሽ ወደ አንተ፣ ጋሼ።»

ገፋ አደረገው።

«ትንሽ። ቁም!» አለ ሹክሹክ። ኤሌክትሮዱን አነሣ። «ዓይን።»

ውሃልክ በሩን በሁለት እጁ እንደያዘ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።